የተከተበው ቁጥር ከቅዝቃዜው መዝገብ ጋር ይቅረብ

የእንስሳት ክትባት ዘመቻ በተጠናቀቀ ቁጥር ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚላከው ሪፖርት አንድ ቁጥር ይዞ ይጓዛል። ይህን ያህል ሺህ የዳልጋ ከብት፣ ይህን ያህል ሺህ በግና ፍየል፣ ይህን ያህል ዶሮ ተከተበ ይላል። ቁጥሩ ከዕቅዱ ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ይሰላል፤ ዕቅዱን ያሳካው ይመሰገናል፣ ወደ ኋላ የቀረው ይጠየቃል። በዚህ ሪፖርት ውስጥ ቦታ የማይሰጠው ሌላ ቁጥር ግን አለ። እሱም ክትባቱ ወረዳው ከተረከበው ቀን ጀምሮ እስከ መርፌው ድረስ በስንት ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ እንደቆየ የሚናገረው ነው። ይህ ቁጥር በሌለበት የመጀመሪያው ቁጥር ስንት መርፌ እንደተወጋ ያሳያል፤ ስንት እንስሳ ከበሽታ እንደተጠበቀ ግን ሊያሳይ አይችልም።

አብዛኞቹ የእንስሳት ክትባቶች በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል መቀመጥ አለባቸው። ይህን የማያውቅ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የለም። ችግሩ ያለው ባለሙያው ቢሮ በማይኖርበት ሰዓት ማቀዝቀዣው ውስጥ የሆነውን የሚመሰክር አለመኖሩ ላይ ነው። ዛሬ ይህን ምስክርነት በአነስተኛ ወጪ ማግኘት ይቻላል። በትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚገናኝ የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ሌሊትም፣ በበዓልም፣ መብራት በጠፋ ጊዜም ሊመዘግብ ይችላል። በመሆኑም እያንዳንዱ ወረዳ ክትባት የሚያስቀምጥበት ማቀዝቀዣ እንዲህ ያለ መዝጋቢ ሊኖረው ይገባል፤ የክትባት ሪፖርቱም ከመዝገቡ ጋር አብሮ ሊቀርብ ይገባል።

የከብት በሽታ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው “ክፉ ቀን” አንዱ ዋነኛ መነሻ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ነበር። በሬው አለቀ፤ ሞፈርና ቀንበር የሚጎትት ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ሲጨመርበት ረሃቡ ሕዝቡን ፈጀው። ከዚያ በኋላ በተደረገው ረጅም ትግል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ታወቀላት። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

የዚህ ድል አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በአፋር ነው። መብራትም ማቀዝቀዣም በሌለበት ቆላ ክትባቱን ሕያው አድርጎ ማድረስ አስቸጋሪ ስለነበር ሙቀት የሚቋቋም የደስታ ክትባት ሥራ ላይ ዋለ። ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞችም ክትባቱን ይዘው መንጋው ያለበት ድረስ ዘለቁ። ያኔ የሙቀት ጉዳይ ከዘመቻው ዋና ጥያቄዎች አንዱ ተደርጎ ስለተወሰደ መፍትሔ ተበጀለት። ዛሬ በየወረዳው በእጃችን ያሉት ብዙዎቹ ክትባቶች ግን ያን ያህል ሙቀት አይችሉም። የደስታ ታናሽ ወንድም የሚመስለውን የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከዓለም ለማጥፋት ዕቅድ ተይዟል። ይህን ያህል ዕቅድ በአንድ ወረዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊሰናከል እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ሙቀትም ውርጭም ያበላሻል

ክትባት በሁለት በኩል ይጎዳል። ደስታ መሰልን፣ የበግና የፍየል ፈንጣጣን ወይም የዶሮ ፈንግልን ለመከላከል የሚሰጡት ክትባቶች ሕያው ሆኖም የተዳከመ ተህዋስ የያዙ ናቸው። ሙቀት ሲበዛባቸው ተህዋሱ ይሞትና ብልቃጡ ውስጥ የሚቀረው ጥቅም የሌለው ፈሳሽ ወይም ዱቄት ይሆናል። በሌላ በኩል እንደ አፍተግር ክትባት ያሉት የሞተ ተህዋስ የያዙ ክትባቶች የሚፈሩት በረዶ መሆንን ነው። አንዴ በረዶ ሆነው ከቀለጡ ኃይላቸው ይሰበራል። ስለዚህ “ማቀዝቀዣው በጣም ይቀዘቅዛል፣ ምንም አይሆንም” የሚለው አባባል ከእውነት የራቀ ነው። በተለይ ለቤት አገልግሎት ተሠርቶ ለክትባት በዋለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከበረዶ ክፍሉ ሥር ያለው መደርደሪያ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ያለው መደርደሪያ ከ8 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል።

የሚያስቸግረው ደግሞ የተበላሸው ክትባት በዓይን ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከደህናው አለመለየቱ ነው። ለሕፃናት በሚሰጡ ብዙ ክትባቶች ብልቃጥ ላይ ሙቀት ሲበዛ ቀለሙ የሚለወጥ ምልክት ይለጠፋል፤ የጤና ባለሙያው እሱን አይቶ ይጠቀማል ወይም ይጥላል። በእንስሳት ክትባት ላይ እንዲህ ያለው ምልክት የተለመደ አይደለም። ቢሾፍቱ ከሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የወጣ ጥሩ ክትባት ወረዳ ላይ ተበላሽቶ ቢገኝ እንኳ ብልቃጡ ያው ብልቃጥ፣ ጽሑፉም ያው ጽሑፍ ነው።

የዚህን ዋጋ የሚከፍለው አርሶ አደሩ ነው። በሬውን ወይም በጎቹን ረጅም መንገድ ነድቶ፣ የሥራ ቀኑን ሠውቶ ያስከትባል። ከወራት በኋላ በሽታው ሲገባ የተከተበው ካልተከተበው ጋር እኩል ይወድቃል። ከዚያ በኋላ አርሶ አደሩ “ክትባቱ አይሠራም” ወይም ይባስ ብሎ “ከብቴን የገደለብኝ ክትባቱ ነው” ቢል አይፈረድበትም። በቀጣዩ ዓመት ዘመቻው ሲመጣ መንጋውን ወደ ጫካ ይሰውራል። በእርግጥ የተከተበ እንስሳ የሚታመምባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ከመከተቡ በፊት በሽታው ይዞት ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ አንሶ ወይም አወጋጉ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የሙቀት መዝገብ ከሌለ ግን ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። ሁሉም ግምት ይሆናል፤ በግምት መካከል ደግሞ እምነት ይጠፋል።

ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት

ብዙ ቦታ ያለው አሠራር ማቀዝቀዣው ውስጥ ቴርሞ ሜትር ማስቀመጥና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ አንብቦ በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሊቀጥልም ይገባል። ነገር ግን የማያየው ሰዓት ከሚያየው እጅግ ይበልጣል። ባለሙያው ዓርብ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ 5 ዲግሪ ብሎ ጽፎ ወጣ እንበል። ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የተመለሰው እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ማቀዝቀዣው ለ38 ሰዓታት ያለ ኃይል ቆይቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ሲያቀዘቅዝ ያድራል። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ባለሙያው በሩን ሲከፍት ቴርሞ ሜትሩ እንደገና 5 ዲግሪ ያሳያል። በመዝገቡ ላይ ዓርብ 5፣ ሰኞ 5 ተብሎ ይጻፋል። ባለሙያው አልዋሸም፤ ወረቀቱም አልተጭበረበረም። ሆኖም ክትባቱ ተበላሽቶ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ማንም የለም።

ሴንሰር የተገጠመለት ትንሽ ኮምፒውተር በየ5 ደቂቃው አንድ ጊዜ ቢያነብ በሰዓት 12፣ በቀን 288 ንባብ ይይዛል። ከዓርብ ማታ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ባሉት 63 ሰዓታት ውስጥ 756 ጊዜ ያነባል። በእነዚያው ሰዓታት ውስጥ በወረቀቱ ላይ የሚገኘው ንባብ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ነው። የዓመቱ ንባብ ተደምሮ 105 ሺህ 120 ቢደርስም በጽሑፍ ሲቀመጥ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ስለሆነ ተራ የስልክ ሜሞሪ ካርድ ለብዙ ዓመታት ይበቃዋል።

ሥራው ምን ይጠይቃል?

ለዚህ ከሚያገለግሉት ኮምፒውተሮች በስፋት የምትታወቀው ራስበሪ ፓይ የምትባለው ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች ኮምፒውተርን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲማሩባት ታስባ ለገበያ ቀረበች። ሁሉ ነገሯ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራ ሲሆን መጠኗ ከመታወቂያ ካርድ እምብዛም አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣችው ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የተባለችው አነስተኛ ሞዴል ስትወጣ ዋጋዋ 15 ዶላር ነበር። እዚህ ስትደርስ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ይጨመርባታል። ቢሆንም በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሚቀመጠው ክትባትና ከሚጠበቀው መንጋ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው።

ሴንሰሩ ዲኤስ 18 ቢ 20 የሚባለው ነው። ጫፉ በማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ የሚሸጠው ዓይነት ለዚህ ሥራ ይመቻል። ሽቦዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ከኮምፒውተሯ 3.3 ቮልት ጋር፣ ሁለተኛው ከግራውንድ ጋር፣ ሦስተኛው የመረጃ ሽቦ ደግሞ ጂፒአይኦ 4 ከሚባለው ፒን ጋር ይገናኛል። በመረጃ ሽቦውና በ3.3 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም የሆነ ሬዚስተር ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያው ሰሌዳ ላይ 5 ቮልት የሚሰጥ ፒንም ስላለ ሬዚስተሩ በስሕተት ከሱ ጋር ከተገናኘ ኮምፒውተሯ ልትጎዳ ትችላለች። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተሯ ቅንብር ውስጥ ዋን ዋየር የሚባለው አገልግሎት ሲከፈት ሴንሰሩ ራሱን ያስተዋውቃል። ንባቡ የሚመጣው በሺህኛ ዲግሪ ነው፤ 5062 ካለ 5.062 ዲግሪ ማለት ነው።

የዚህ ሴንሰር አንዱ ጠቀሜታ እያንዳንዱ የየራሱ መለያ ቁጥር ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ሦስት ወይም አራቱን በአንድ የመረጃ ሽቦ ላይ መደርደር ይቻላል። አንዱ በላይኛው መደርደሪያ፣ አንዱ በታችኛው፣ አንዱ ከማቀዝቀዣው ውጭ ክፍሉ ውስጥ ቢቀመጥ የቱ ቦታ እንደሚሞቅና የቱ ቦታ እንደሚበርድ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል። ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣ መለወጥ ሳያስፈልግ የክትባቱን መደርደሪያ በመለወጥ ብቻ ጉዳቱን መቀነስ ይቻላልና።

አቀማመጡም ብልሃት ይፈልጋል። ሴንሰሩ በባዶ አየር ላይ ከተንጠለጠለ በሩ በተከፈተ ቁጥር ንባቡ ይዘላል፤ ክትባቱ ግን በዚያ ፍጥነት አይሞቅም። ስለዚህ ጫፉን ግሊሰሪን ወይም ውኃ በያዘ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አስገብቶ ከክትባቶቹ መካከል ማስቀመጥ ይሻላል፤ ያኔ የሚያነበው ክትባቱ የሚሰማውን ሙቀት ይሆናል። ሽቦው በበሩ ጎማ በኩል ሲያልፍ ቀጭንና ጠፍጣፋ ካልሆነ ብርድ ያስወጣል። በሩ በደንብ መዘጋቱን ወረቀት አጣብቆ በመጎተት ማረጋገጥ ይቻላል።

ማንኛውም መለኪያ ሳይፈተሽ አይታመንም። ይህ ሴንሰር በፋብሪካው መግለጫ መሠረት እስከ ግማሽ ዲግሪ ድረስ ሊሳሳት ይችላል። በገበያ ላይ አስመስለው የተሠሩም ስላሉ ስሕተታቸው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። መፈተሻው ቀላል ነው። በንጹሕ ውኃ የተሠራ በረዶ ተሰባብሮ ጥቂት ውኃ ይጨመርበትና ይማሰላል፤ ሴንሰሩ እዚያ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ዜሮ ማንበብ አለበት። ልዩነት ካሳየ ልዩነቱ ተጽፎ በፕሮግራሙ ውስጥ ይታረማል። በፈላ ውኃ መፈተሽ ግን በደጋው አገር ያሳስታል። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን ግን 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ሴንሰር “ተበላሽቷል” ብሎ ይጥለዋል። የማስጠንቀቂያው ወሰንም ስሕተቱን ታሳቢ አድርጎ በ2 እና በ8 ፋንታ በ2.5 እና በ7.5 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል።

መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ መዝጋቢ ምን ይረባል?

የእነዚህ መሣሪያዎች መመሪያ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ መብራት በማይቋረጥበት አገር ነው። በእኛ ወረዳዎች ደግሞ መዝጋቢው በጣም የሚፈለገው መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ከመጀመሪያው ሊታሰብባቸው ይገባል።

የመጀመሪያው የኃይል ምንጭ ነው። ትንሿ ሞዴል በአማካይ አንድ ዋት ገደማ ብትወስድ 10 ሺህ ሚሊ አምፒር አወር የሆነ ፓወር ባንክ ከአንድ ቀን ትንሽ በላይ ያቆያታል። ከላይ በምሳሌነት ለተጠቀሰው የ38 ሰዓት መቋረጥ ይህ አይበቃም፤ እጥፉን የሚይዝ ወይም ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ባትሪ ያስፈልጋል። እየተሞሉ በዚያው ጊዜ ኃይል መስጠት የማይችሉ ፓወር ባንኮች ስላሉም ከመግዛት በፊት መፈተሽ ይገባል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የብዙዎቹ ራስበሪ ፓይ ሞዴሎች ሰሌዳ የራሱ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም፤ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ኮምፒውተሯ ካቆመችበት ሰዓት ትቀጥላለች፤ መዝገቡም የእሑዱን ሙቀት ዓርብ ላይ ይጽፈዋል። ቀኑ የተሳሳተ መዝገብ ካለመኖሩ የከፋ ነው። ዲኤስ 3231 የሚባለውን በትንሽ ባትሪ የሚሠራ የሰዓት መሣሪያ መጨመር ይህን ይፈታዋል።

ሦስተኛው የሜሞሪ ካርዱ ነው። እየጻፈ ሳለ ኃይል ድንገት ሲቋረጥበት ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ጥራት ያለው ካርድ መጠቀም፣ መዝገቡን በየጊዜው ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥና ፕሮግራሙ የተጫነበት ተጠባባቂ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል። ከዚህ ጋር 85 ዲግሪ የሚል ንባብ በመዝገቡ ላይ ከታየ ማቀዝቀዣው ተቃጠለ ማለት አይደለም። ሴንሰሩ ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ የሚሰጠው መነሻ ቁጥር ስለሆነ የሽቦው ግንኙነት መላላቱን ይጠቁማል።

መመዝገብ ብቻውን ክትባቱን አያድንም፤ ለሰው መንገር ያስፈልጋል። ሲም ካርድ የሚቀበል ሞደም ከኮምፒውተሯ ጋር ተገናኝቶ ሙቀቱ ከወሰኑ ሲወጣ ለሁለት ሰዎች አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊልክ ይችላል። ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ሰው መስክ ላይ ወይም ኔትወርክ በሌለበት ሊሆን ይችላል። ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው መሣሪያው በየቀኑ ጠዋት “ደህና ነኝ፤ አሁን 5 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱን ከ4 እስከ 6 ነበር” የሚል መልእክት እንዲልክ ማድረግ ነው። ችግር ሲኖር ብቻ የሚናገር መሣሪያ ዝም ባለ ጊዜ ደህና ሆኖ ይሁን ሞቶ አይታወቅም። በየጠዋቱ የሚደርሰው ሰላምታ የቀረ ዕለት ግን አንድ ሰው ሄዶ ማየት እንዳለበት ይታወቃል።

የሚነሡ ጥያቄዎች

“ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሙቀት መዝጋቢ አለ፤ ለምን በሽቦና በሰሌዳ እንቸገራለን?” የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጀት ያለው ወረዳ ለክትባት ተብሎ የተሠራና የተመሰከረለት መዝጋቢ ቢገዛ ይመረጣል። ዋናው ቁም ነገር መዝገቡ መኖሩ ነው። ራሳችን የምንገጥመው መሣሪያ ጥቅሙ ሲበላሽ የተበላሸውን ክፍል ብቻ መለወጥ መቻሉ፣ በአንድ ዋጋ ብዙ ቦታ መለካቱና በአቅራቢያ ያለ ባለሙያ ሊጠግነው መቻሉ ነው። በየዞኑ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒውተር ያስተምራሉ። ሠልጣኞቻቸው ለመመዘኛ ብለው ሠርተው ከሚያፈርሱት ሰሌዳ ይልቅ ለወረዳቸው ማቀዝቀዣ የሚሆን መዝጋቢ ቢሠሩ ትምህርቱም አገልግሎቱም በአንድ ይገኛል።

ከበድ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በርችት ተመርቀው ከወራት በኋላ አቧራ የለበሱ መሣሪያዎች እንዳሉ ማንም ያውቃል። ይህስ ከነሱ በምን ይለያል? መልሱ መሣሪያው ውስጥ አይገኝም፤ ባለቤትነቱ ላይ ነው። መዝጋቢውን በየጠዋቱ የሚያይ፣ በየሳምንቱ መዝገቡን የሚያትም ወይም የሚገለብጥ፣ በየስድስት ወሩ በበረዶ የሚፈትሽ ሰው በስሙ ሊመደብና በሥራ ዝርዝሩ ላይ ሊጻፍለት ይገባል። እሱ ሲዛወር የሚረከበው ሰው እንደ ማኅተም ፈርሞ ይረከበው።

ማስጠንቀቂያ ሲደርስም ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ በማቀዝቀዣው በር ላይ ሊለጠፍ ይገባል። በሩን አለመክፈት፣ የቀዘቀዙ የበረዶ ማሸጊያዎች ባሉበት የክትባት ሳጥን ማዘጋጀት፣ መቋረጡ ከረዘመ አስቀድሞ ስምምነት ወደ ተደረገበት ሌላ የእንስሳት ክትባት ማቀዝቀዣ ማዛወር፣ የተጠረጠረውን ክትባት ለይቶ “አትጠቀሙ” ብሎ ምልክት ማድረግና ለዞኑ ባለሙያ ማሳወቅ በቅደም ተከተል ይጻፉ። የበረዶ ማሸጊያው በቀጥታ ከበረዶ ክፍል ወጥቶ ብልቃጡን ከነካው የሞተ ተህዋስ የያዘውን ክትባት ሊያበላሸው ስለሚችል በመካከሉ ካርቶን ወይም ጨርቅ መኖር አለበት።

ለወረዳ አመራሮች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ መቅረብ አለበት። መዝገቡ ባለሙያን ማጥመጃ ከሆነ ከጥቂት ሳምንት በላይ ዕድሜ አይኖረውም። ሙቀቱ ከፍ ብሎ በታየ ቁጥር ባለሙያው ደመወዙ የሚቀጣ ከሆነ ሽቦው “በስሕተት” ይነቀላል፤ መዝገቡም ንጹሕ ሆኖ ይቀጥላል። መብራት መጥፋቱ የባለሙያው ጥፋት አይደለም። ሊጠየቅበት የሚገባው መዝገቡን መደበቁ ወይም ማስጠንቀቂያው ደርሶት ዝም ማለቱ ነው። የተበላሸ ክትባት አግኝቶ የጣለ ባለሙያ ብዙ እንስሳ ከወጋው ባለሙያ ያላነሰ ሊመሰገን ይገባል፤ የአርሶ አደሩን እምነት ጠብቋልና። አሁን ያለው የሪፖርት ቅጽ ግን ይህን ባለሙያ “ዕቅዱን ያላሳካ” ያደርገዋል። ይህ እስካልተለወጠ ድረስ ሴንሰሩ ቢገጠምም ባይገጠምም ለውጥ አይመጣም።

የቅጹ ለውጥ ከባድ አይደለም። ተከተበ ከሚለው ቁጥር አጠገብ ሦስት መስመር ይበቃል። ክትባቱ በወረዳው በቆየባቸው ቀናት ዝቅተኛው ሙቀት ስንት ነበር? ከፍተኛውስ? ከ2 በታችና ከ8 በላይ በድምሩ ስንት ሰዓት ቆየ? ዞኑ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ከተመለከተ የትኛው ወረዳ አዲስ ማቀዝቀዣ፣ የትኛው የፀሐይ ኃይል፣ የትኛው ደግሞ የበር ጎማ ብቻ እንደሚያስፈልገው በማስረጃ ይወስናል። በጀትም ከጩኸት ይልቅ በመዝገብ ይከፋፈላል።

የመዝገቡ ወሰንም ሊታወቅ ይገባል። ማቀዝቀዣው ላይ የተተከለው ሴንሰር ክትባቱ በበቅሎ ወይም በሞተር ብስክሌት ወደ ቀበሌ ሲወርድ አብሮት አይሄድም። በሳጥኑ ውስጥ ቀላል ቴርሞ ሜትር ማስቀመጥ፣ የወጣበትንና የተጠናቀቀበትን ሰዓት መጻፍ፣ በማሟሚያ የተበጠበጠውን ሕያው ክትባት በጥላ ሥር በበረዶ ላይ አስቀምጦ አምራቹ በወሰነው ሰዓት ውስጥ መጨረስ፣ የተረፈውንም ለነገ አለማሳደር አሁንም የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

በነገራችን ላይ ይኸው ዘዴ በክትባት አይወሰንም። የዘር ድንች ማከማቻ ውስጥ፣ በወተት አሰባሳቢ ማኅበራት ማቀዝቀዣ ላይ፣ የአንድ ቀን ጫጩቶች በሚያድጉበት ቤት ውስጥ ሌሊት የሚሆነውን ለማወቅ ያገለግላል። መጀመር ያለበት ግን ጉዳቱ በዓይን በማይታይበት ቦታ ነው። ወተት ሲበላሽ ይሸታል፤ ድንች ሲበሰብስ ይታያል። ክትባት ግን ዝም ብሎ ይበላሻል።

አርሶ አደሩም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ከብቱን ለማስከተብ ሲመጣ “ይህ ክትባት በማቀዝቀዣው ውስጥ እንዴት ሰነበተ? መዝገቡን ልታሳዩን ትችላላችሁ?” ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ባለሙያውም ጥያቄውን እንደ ድፍረት ሳይቆጥር የሳምንቱን ሰንጠረዥ በክትባት ጣቢያው ላይ ቢለጥፍ ክርክር ይቀንሳል። ቁጥር ማንበብ የማይችል አባት እንኳ መስመሩ በሁለቱ ወሰኖች መካከል መሆኑን ወይም መውጣቱን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

አባቶች “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ቅጠሉ ዛሬ ሦስት ሽቦ ያለው ሴንሰርና በእጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። የወረዳ እንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤቶች ለቀጣዩ ዘመቻ ዕቅድ ሲያወጡ ስንት እንስሳ እንደሚከትቡ ከመወሰናቸው በፊት ክትባቱን የሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ ባለፈው ቅዳሜና እሑድ ስንት ዲግሪ እንደነበር ራሳቸውን ይጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ከሌለ ዕቅዱ ከዚያ ይጀምር።